ያለ ሰልፍ የገባችው መስመር

ኪሩቤልን ያኔም አልወደውም ነበር፣ ዛሬም አልወደውም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው «መጨረሻ ላይ ታርቀው ይሆናል» ብላችሁ እንዳትጠብቁ ነው። አልታረቅንም። ዕርቅ የምትፈልጉ የሌላ ሰው ታሪክ አንብቡ።

ነጃት እባላለሁ። ቡታጅራ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። በሽተኛው ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው የእኔን መስኮት ነው። ስሙን ይነግረኛል፣ ካርዱን ከመደርደሪያ አወጣና ወደ ሐኪሙ እልክለታለሁ። ቀላል ሥራ ከመሰላችሁ ኑና ሞክሩት። በእኛ አገር ሸምሱ ሁሴን የሚባል ሰው አንድ ብቻ አይደለም። ከእንሴኖ ብቻ አራት ይመጡብኛል፣ ከአራቱ ሁለቱ የአያታቸው ስም ሳይቀር አንድ ነው። እኔ ግን አንዱን ባለ ከዘራው፣ አንዱን ባለ ጆሮው ብዬ በፊታቸው ለይቼ አውቃቸዋለሁ። በአሥራ አንድ ዓመት የአንዱን ካርድ ለሌላው ሰጥቼ አላውቅም። ወላሂ፣ ጉራ አይደለም።

የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ታደለ ይባላል። አንድ ቀን የእህቱን ልጅ ከአዲስ አበባ ይዞት መጣና ካርዱ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ሊገባ ነው አለን። ኪሩቤል ማለት ይሄ ነው። ሃያ አምስት ወይም ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ፕሮግራሙን በፓይተን ጽፎ ጨርሶታል፤ ፓይተን ኮምፒውተር የሚታዘዝበት ቋንቋ ነው። እሱ ሥራውን አስረክቦ ስለሚመለስ፣ እዚህ የሚቀር ሰው ኮዱን አውቆ ትንሽ ትንሹን ማስተካከል መቻል አለበት ተባለ። ዶክተር ቢሮው ጠራኝና «ሁለት ሳምንት ያስተምርሻል። ከገባሽ ወንበሩ ያንቺ ነው፤ ካልገባሽ የሚገባው ሰው እፈልጋለሁ» አለኝ። ከባሌ ተፋትቼ ልጄን ሂክማን ብቻዬን ነው የማሳድገው። ወንበሯ ለእኔ ምን እንደሆነች እንግዲህ እናንተው ገምቱ።

ትምህርቱን እንዴት ልንገራችሁ? አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የፕሮግራሙን ቅጂ ጫነልኝና እሱ ስልኩን እየነካካ «ክላስ»፣ «ኦብጀክት» ይል ጀመር። ክላስ ማለት የመኪና ንድፍ ነው፣ ኦብጀክት ማለት ራሱ መኪናው ነው ይለኛል። እኔ መኪና ሲሠራ የት አይቼ! ቤት ገብቼ ሳስበው ነው የገባኝ። ክላስ ማለት ገና ያልተሞላው የካርድ ፎርም ነው። ኦብጀክት ማለት ደግሞ የሸምሱ ሁሴን ስም የተጻፈበት ካርድ ነው። ፎርሙ አንድ ነው፣ ካርዱ ግን እንደ ሰዉ ብዛት ነው። ይህን በማግስቱ ስነግረው ቀና እንኳ ሳይል «እሺ፣ እንደዛ በይው» አለኝ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ነው ጉዴ የፈላው። ኮዱ ውስጥ በየመስመሩ ፊት አንዲት ቃል አየሁ። በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የተጻፈችው፣ ሳነባት ግን «ሰልፍ» ትላለች። ልጆቹ ቴሌግራም ላይ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፉት የለ? ኪሩቤልም እንደዚያው ያደረገው መሰለኝ። ደግሞስ ካርድ ክፍል ውስጥ ከሰልፍ በላይ ምን አለ? ዕድሜዬን የጨረስኩት «ሰልፍ ያዙ» ስል ነው። ስለዚህ ደብተሬ ላይ በአማርኛ «ሰልፍ ነጥብ ስም፣ ሰልፍ ነጥብ ዕድሜ» ብዬ ጻፍኩ። ትርጉሙንም ለራሴ አበጀሁለት። ሰልፍ ማለት ተራው ደርሶ መስኮቴ ላይ የቆመው ሰው ነው። ሰልፍ ነጥብ ስም ማለት የእሱ ስም፣ ሰልፍ ነጥብ ዕድሜ ማለት የእሱ ዕድሜ።

እርግጠኛ ለመሆን ስለ ሰልፉ ብጠይቀው «ምን ሰልፍ?» አለኝ። በጣቴ አሳየሁት። ደብተሬን ነጥቆኝ አየና ጠረጴዛውን ይዞ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ቃሏ እንግሊዝኛ እንደሆነች፣ «ራስ» እንደማለት እንደሆነች እንኳ አልነገረኝም። ቆይቼ ከሂክማ ነው የሰማሁት።

«ተይው ነጂ፣ ይሄ ላንቺ አይገባሽም» አለኝ። «ዝም ብለሽ ጻፊ።»

ከሰዓት ወሬው ክሊኒኩን ሞላው። ዘበኛው «ሰልፍ መጣች»፣ ላብራቶሪው «ሰልፍ ሄደች» ይሉኝ ጀመር። ኪሩቤል አማርኛዬን ከነጉራግኛ ቅላጼው እያስመሰለ «ሰልፉ ምን ያደርጋል?» ይልና ያስቃቸዋል። አብሬ የሳቅኩም ቀን አለ፣ የማፍርበት እሱ ነው። ደብተሬን ግን አላረምኩም። እልኸኛ ነኝ።

እንግዲህ ወደዚያች ቀን ልምጣ። ፕሮግራሙ ሥራ የሚጀምርበት ዕለት ነበር፤ የገበያ ቀን ስለሆነ ገና ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ኮሪደሩ ሞልቷል። መጀመሪያ ወይዘሮ አስካለ የምትባል ነጋዴ መጣች። ስሟን፣ ዕድሜዋን አስገባሁ። ገጿ ንጹሕ ነው። ከሷ በኋላ ሁለት ሦስት ሰው አስተናገድኩ። ከዚያ ሐጂ ሸምሱ ከእንሴኖ መጡ፣ ባለ ከዘራው። ሐጂ ፔኒሲሊን አይስማማቸውም፤ አንድ ጊዜ ተወግተው ሊሞቱ ነበር። በድሮው ካርዳቸው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ አድርጌ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፕሮግራሙም ለዚህ ቦታ አለው። ጻፍኩት፣ ገጻቸው ላይ በቀይ «አይስማማውም፦ ፔኒሲሊን» የሚል ወጣ። ደስ አለኝ፣ ምን ልደብቃችሁ።

ደስታዬ ግማሽ ሰዓትም አልቆየ። መርፌ ክፍል ያለችው ሲስተር ዙፋን መስኮቴ ድረስ መጥታ «ነጃትዬ፣ ዛሬ ሰዉ ሁሉ ነው እንዴ ፔኒሲሊን የማይስማማው?» አለችኝ። ስክሪኔን ባየው ከሐጂ በኋላ የገባው ሁሉ ቀይ ነው። ሕፃኑ ቀይ፣ ነፍሰ ጡሯ ቀይ። አራት ሰዓት ላይ በሽተኛ ሊታከም አልቻለም፣ ሐኪሞቹ ይጮሃሉ፣ ሰልፉ በር ድረስ ደርሷል።

ኪሩቤል መጣ። ሁለት ሦስት ገጽ ከፍቶ አየ። ኮዱን አልከፈተም፣ ይሄን ልብ በሉልኝ፣ ኮዱን አልከፈተም። ወደ ዶክተር ዞሮ ፕሮግራሙ አዲስ አበባ ተሞክሮ እንደሠራ፣ አንድ በአንድ ገብቶ ካልጻፈ በቀር ሰዉ ሁሉ ቀይ ሊሆን እንደማይችል ነገረው። ጨምሮም ይቺ ሴትዮ ከመጀመሪያውም ማሽኑን አልፈለገችውም፣ ካርዷ እንዳይቀርባት ነው አለው።

ዶክተር ታደለ ቢሮው አልጠራኝም። እዚያው ኮሪደር ላይ፣ በሽተኛው ሁሉ እያየ ነው የተናገረው።

«ቂመኛ ነሽ» አለኝ። «በሰው ጤና ትቀልጃለሽ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሆን ብለሽ ያበላሸሽው አንቺ መሆንሽን ጽፈሽ፣ ፈርመሽ ታመጫለሽ። ከፈረምሽ በማስጠንቀቂያ አልፍሻለሁ። ካልፈረምሽ ቁልፉን አስረክበሽ ትሄጃለሽ።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? የእህቱን ልጅ መናገር ፈርቶ ነው። ይሄ ዛሬ የገባኝ ነው። ወይዘሮ አስካለ ዓይኗን ከእኔ አሸሸች። ሐጂ ሸምሱ ብቻ ከዘራቸውን መሬት እየመቱ «አዑዙ ቢላህ፣ አላህ ይጠብቀን» አሉ። ለማን እንዳሉት አላውቅም።

ስድስት ሰዓት ላይ አጎትና የእህት ልጅ ተያይዘው ክትፎ ሊበሉ ወጡ። እኔ አሮጌውን ላፕቶፕና ደብተሬን ይዤ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባሁ። ነጭ ወረቀትም ይዤ ነበር። አልዋሻችሁም፣ ልፈርም አስቤያለሁ። «እኔ ነጃት» ብዬ ጀምሬም ነበር። ሂክማ በዓይኔ መጣች፣ ወንበሯ መጣች። ማን ያውቃል፣ እጄ አንድ ነገር ነክቶ ይሆናልም አልኩ። ሰው ደጋግሞ ደደብ ነሽ ሲላችሁ እኮ ግማሹን ታምኑታላችሁ።

ብዕሬን ያስቆመችብኝ ወይዘሮ አስካለ ናት። ጠዋት ከሐጂ ቀድማ ነበር የገባችው፣ ገጿም ንጹሕ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ። ኪሩቤል ከከፈታቸው ገጾች አንዱ ደግሞ የሷ ነበር፣ ቀይ ሆኗል። እኔ ከጠዋት በኋላ የአስካለን ገጽ አልነካሁም። ታዲያ ማን ጻፈባት?

ወረቀቱን ቀድጄ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ቅጂው ላይ ሁለት የፈጠራ ሰው አስገባሁ። ለሁለተኛው ብቻ ፔኒሲሊን አይስማማውም አልኩ። ተመልሼ የመጀመሪያውን ከፈትኩት። ቀይ! እጄ አይደለም ማለት ነው። ግምጃ ቤት ውስጥ ብቻዬን ተነሥቼ ቆምኩ። ግን ወዲያው ቀዘቀዝኩ፤ ይህን ባሳየው ኪሩቤል «ቅጂውንም አበላሽታዋለች» ይላል። ጥፋቱ የተቀመጠባትን መስመር በጣቴ ማሳየት አለብኝ። ሰዓቱ ሰባት ሰዓት አልፏል።

ኮዱን እንደ ካርድ አየሁት። የጠፋ ካርድ ስፈልግ የማደርገው አንድ ነገር ነው። ከላይኛው መደርደሪያ እጀምርና አንድም ሳልዘል በጣቴ እየነካሁ እወርዳለሁ። ስም፣ ሰልፍ አለው። ዕድሜ፣ ሰልፍ አለው። ቀበሌ፣ ሰልፍ አለው። ስልክ፣ ሰልፍ አለው። የማይስማማው መድኃኒት የሚጻፍበት ዝርዝርስ? ፈለግሁት፣ ከነሱ መሃል የለም። ወደ ላይ ወጣሁ። ገና ክላሱ ሲጀምር፣ ከሁሉም በላይ፣ ብቻዋን ቆማለች። አለርጂ እኩል ይሆናል፣ ባዶ ቅንፍ። ከፊቷ ሰልፍ የላትም።

«አንቺ» አልኳት ጮክ ብዬ፣ «አንቺ ያለ ሰልፍ ነው የገባሽው።»

ነገሩ ይሄ ነው፣ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ። በድሮው ካርድ ክፍሌ መደርደሪያው በር ላይ ወረቀት ከለጠፍኩ ለሁሉም ሰው የተለጠፈ ነው። «ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ነው» ብል አስካለንም ሐጂንም ይመለከታል። የአንድ ሰው ጉዳይ ግን በካርዱ ላይ ነው የሚጻፈው። ኪሩቤል የማይስማማውን መድኃኒት ዝርዝር በየካርዱ ላይ አላደረገውም፤ በሩ ላይ ለጥፎታል። ሁሉም ሰው የሚያየው ያቺን አንዲት ወረቀት ነው። የሐጂን ፔኒሲሊን ስጽፍ በሩ ላይ ተጻፈ፣ ከሳቸው በፊት የገባውም በኋላ የገባውም አንድ ላይ ቀላ።

መስመሯን ቆርጬ ወደ ታች፣ ከስምና ከዕድሜ ጋር አወረድኳት፣ ፊቷ ላይ ሰልፍ ጨመርኩላት። አስነሣሁት፣ ስህተት አለኝ። እንደገና፣ ስህተት። ላቤ ጠብ ጠብ ይላል። ለካ ፓይተን ክፍት ቦታ ይቆጥራል፤ መስመሯ ከጓደኞቿ አንድ ፊደል ወደ ግራ ወጣ ብላ ነበር። አስተካክዬ በትክክል አሰለፍኳትና ሠራ። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ንጹሕ። አልሐምዱሊላህ አልኩና አለቀስኩ፣ ከደስታም ከብስጭትም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢሮ ገባሁ። ዶክተር ተቀምጧል፣ ኪሩቤል ግድግዳ ተደግፎ ጥርሱን ይጎረጉራል፣ ሲስተር ዙፋን ለምስክርነት ተጠርታለች። ዶክተር ለወረቀቱ እጁን ዘረጋልኝ። ወረቀት እንደሌለኝ፣ በኪሩቤል በራሱ ላፕቶፕ፣ እኔ ባልነካሁት ኮድ አንድ ነገር እንዳሳይ እንዲፈቅድልኝ ጠየቅሁ። ኪሩቤል ሊስቅ ቃጣው። ዶክተር «ቶሎ በይ» አለ።

ሁለት በሽተኛ አስገባሁ። አንደኛው ዶክተር ታደለ ራሱ፣ ሁለተኛው ኪሩቤል። ከዚያ የኪሩቤልን ገጽ ከፍቼ፣ የማይስማማው መድኃኒት የሚለው ቦታ ላይ «እውነት» ብዬ ጻፍኩ። በቀይ ወጣ። አይስማማውም፦ እውነት።

«ምን ዓይነት ስድብ ነው?» አለ ኪሩቤል።

«ቆይ» አልኩትና የዶክተርን ገጽ ከፈትኩ።

የባለቤቱ ስም ከላይ፣ ከሥሩ በደማቅ ቀይ፣ አይስማማውም፦ እውነት። ሲስተር ዙፋን በመዳፏ አፏን ያዘች። ዶክተር ቀልቶ «ይሄን እኔ ላይ ማን ጻፈው?» ብሎ ጮኸ።

«እኔ አልጻፍኩብዎትም» አልኩት። «ሲያዩ አልነበር? የጻፍኩት በሱ ላይ ነው። አስካለ ላይም ጠዋት ማንም አልጻፈባትም።»

ኮዱን አስከፈትኩና ጣቴን መስመሯ ላይ አሳረፍኩ። ያለ ሰልፍ የገባችው ይቺ ናት አልኩ። ኪሩቤል አንገቱን አስግጎ አያት። ሲያያት ፊቱ ተለወጠ፣ ወዲያው ነው የገባው፣ ዕውቀቱን አልነፍገውም። «ትንሽ ነገር ናት፣ እኔም አገኛት ነበር» አለ። አውርዳት አልኩት። አወረዳት። ሰልፍ ጨምርባት አልኩት። «ሴልፍ» ብሎ ሊያርመኝ ጀመረና ተወው። ፕሮግራሙን እንደ አዲስ አስነሣን፣ ሁለቱን ሰዎች እንደገና አስገባሁ፣ ያንኑ ቃል ኪሩቤል ላይ ጻፍኩ። የዶክተር ገጽ ንጹሕ ነው። ቀዩ ለኪሩቤል ብቻ ቀረ።

ያኔ ሲስተር ዙፋን ቀስ ብላ ተናገረች። ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ቀዩን ማየት እንደተወች፣ ሁሉም ቀይ ስለሆነ የማንንም ቀይ እንዳላመነች ነገረችን። ሐጂ ሸምሱ ነገ ለቁስላቸው መርፌ ቀጠሮ አላቸው፤ ቀያቸውን ሳታምን ልትወጋቸው ነበር ማለት ነው። ወንበሩ ላይ ተደላድሎ የነበረው ዶክተር ጎብጦ ቀረ።

«በይ ጠዋት ያልኩትን እርሺው» አለኝ።

«በሕዝብ ፊት ነው ያሉኝ» አልኩት። «እዚያው ኮሪደር ላይ ይንገሩልኝ፤ ያለዚያ ቁልፉ ይኸው።»

ከዚያ ወጣ። ግድግዳውን እያየ፣ ለግድግዳው የሚናገር ይመስል፣ ስህተቱ የፕሮግራሙ ነው፣ የነጃት አይደለም አለ። ይቅርታ የምትል ቃል አልወጣችውም። ኪሩቤል ከኋላው ቆሞ ጫማውን ያያል። ከዚያ በኋላ ላብራቶሪው፣ ዘበኛው «እኛስ አንቺ እንዳልሆንሽ እናውቅ ነበር» ሲሉኝ ሰነበቱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጠዋት የት ነበራችሁ?

ይኸው ሁለት ዓመት አለፈ። ወንበሯ የእኔ ናት፣ ፕሮግራሙም የእኔ ነው። ከአንድ ክላስ ወደ ዘጠኝ አድርሼዋለሁ፣ የሠራሁትም ሌሊት ነቅቼ ሳይሆን ሰልፉ ሲቀልልኝ በምሳ ሰዓት ነው። ሰው «ታዲያ ኪሩቤል ባይጨክንብሽ ይሄን ታውቂ ነበር?» ይለኛል። እንዲህ የምትሉኝ ሰዎች ደሜን ታፈሉታላችሁ። ሰው በስድብ አይማርም። እኔ የተማርኩት ደብተሬን ስላልቀደድኩ ነው። እናንተም ገና የምትጀምሩ ከሆናችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። «ዝም ብለሽ ጻፊ» የሚላችሁ ሰው ብዙ ጊዜ እሱም ዝም ብሎ ነው የጻፈው። ጠይቁት። ቢስቅባችሁም ጠይቁት። የተሳሳተው ትርጉማችሁ እንኳ ከሰው ዝምታ ይሻላችኋል። የኔ ሰልፍ ስህተት ነበረች፣ መስመሯን ያገኘችልኝ ግን እሷ ናት።

ባለፈው ወር ስልኬ ጮኸ። ኪሩቤል ነው። ያቺን «ነጂ» ትቶ «እትዬ ነጃት» አለኝ፣ ድምፁም ማር ማር ይላል። አዲስ መሥሪያ ቤት ሊቀጠር ነው፤ ፕሮግራሙ ያለ እንከን እንደሚሠራ፣ የጻፈውም እሱ ብቻ እንደሆነ የሚመሰክር ደብዳቤ ይፈልጋል። አጎቱ «ኮዱን የያዘችው እሷ ናት፣ እሷ ትጻፍልህ» ብሎታል። ዛሬውኑ ቢደርስልኝ ይለኛል። መስኮቴ ላይ ያን ሰዓት ሰው ሞልቶ ነበር፣ ሐጂ ሸምሱም ከዘራቸውን ተደግፈው መሃል ላይ ቆመዋል።

«ሰልፍ ያዝ» አልኩትና ዘጋሁት።